ሐሙስ፣ ፈረሱ

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ «ፈረሱ» የሚባል ማዕዘን ነበር። ስታነቡት «ረ»ን አላሉልኝ፤ እንስሳውን ነው የምለው። ፈረሱን እኔም አላየሁትም። እኔ ከመወለዴ በፊት አንድ የገጠር ነጋዴ ገበያ በመጣ ቁጥር የበረንዳው ምሰሶ ላይ የሚያስረው ነጭ ፈረስ ነበር ይባላል፤ የለም፣ ግራጫ ነው የሚሉም አሉ። ፈረሱ ሞተ፣ ነጋዴው ሞተ፣ ከተማ ውስጥ ፈረስ የሚያስር ሰውም ጠፋ። ስሙ ግን ቀረ። ባለ ጋሪው «ፈረሱ ጋ አውርደኝ» ሲባል ይገባው ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው የባጃጅ ሹፌርም ይገባው ነበር። ጅማ ቦታን የምትጠራው ባለው ሳይሆን በነበረው ነው። እንግዳ ሰው አቅጣጫ ጠይቆ «ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበትን አልፈህ፣ ዋርካው የተቆረጠበት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ሲባል አፉን ከፍቶ ሲቀር አይቻለሁ። እኛ ምኑ እንዳስቸገረው አይገባንም ነበር።

ማዕዘኑ ላይ በተርታ የቆሙ አሮጌ ቤቶች ነበሩ። ወለላቸው ጣውላ፣ በራቸው የዋንዛ እንጨት፣ ጣሪያቸው ዝገት የበላው ቆርቆሮ። ከፊታቸው ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሰፊ በረንዳ ነበራቸው። የኛ ከተማ ዝናብ ደግሞ መጣሁ ብሎ አይመጣም፤ ጠራርጎ ነው የሚደርሰው። ዝናብ የያዘው ሰው በረንዳው ላይ ሲወጣ ማንም «ምን ፈለግህ?» አይለውም። ልብስ ሰፊው መኪናውን ጠጋ ያደርግለታል፣ ጨውና በርበሬ ሻጩ ባዶ ሣጥን ያቀብለዋል። ጫፉ ላይ ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ከደቡብ የመጣች የወንጌል አማኝ ናት፤ ቦምቦሊኖ እየጠበሰች ትዘምራለች። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ዝም ትላለች፤ ሲያበቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ቦታውን ላሞካሸው አይደለም የተነሳሁት። የድሮ ሰፈር በተነሳ ቁጥር እንባ የሚያቅረው ሰው ያበሽቀኛል። እኛ የምንኖረው ከዚያ ተርታ ጀርባ ባለች የቀበሌ ቤት ስለነበር ነውሩን ሁሉ አውቀዋለሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ከጣውላው ሥር አይጥ ይራወጣል፣ የጋራ መጸዳጃው ሽታ በበጋ ራስ ያዞራል። የጅማ ጭቃ ናፈቀኝ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ጭቃው ጫማውን አውልቆ ያስቀረበት ሰው አይደለም። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፤ መብራት አለው፤ ሴት ልጅ አመሻሽታ ሳትፈራ ትሄድበታለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ያንን ማዕዘን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ የሚባባው ግን ለቤቶቹ አይደለም።

አባቴ ከሸዋ በወጣትነቱ ለመንግሥት ሥራ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ እናቴ ሞተችና ከእኔ ጋር ቀረ። እኔ አላገባሁም፤ አማርኛ አስተምራለሁ። አባቴ ብዙ ሰው ያውቅ ነበር፣ ጓደኛው ግን አንድ ነው፤ ከጎረቤታችን ከአጋሮ የሚመጡ ቡና አምራች ሐጂ። የተዋወቁት እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ሁለቱም ዝናብ አባሯቸው ሮጠው ወጡ፤ ልብስ ሰፊው አንድ በርጩማ አወጣላቸው። አባቴ «ይቀመጡ» አለ። ሐጂ «ወላሂ አልቀመጥም፣ እርስዎ ይቀመጡ» አሉ። ሲገባበዙ ዝናቡ አባራ፤ በርጩማው ባዶውን ቀረ። ሁለቱም ይህን ሲያወሩ የሚስቁት ዛሬ የሆነ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ማለትም በገበያ ቀን፣ ሻይ ቤቷ ውስጥ ይገናኛሉ። እርስዎ መባባሉ ቀርቶ አንተ ተባባሉ። ሐጂ አባቴን «ጸሐፊ» ይሉታል። ይህን ሁሉ ዘመን ጅማ ኖሮ ስለ ቡና አንድም ነገር አለማወቁ ይገርማቸው ነበር። «ያ ጸሐፊ! አንተ ቡናን የምታውቀው ሲኒ ውስጥ ሲገባ ነው» ይሉታል። አባቴ ደግሞ ሐጂን አበባ ስለተጠለፈበት ጋቢያቸው፣ ስኳር ስለሚያበዙበት ሻይ፣ ስለማይገባቸው እግር ኳስ ሲተርባቸው ይውላል። ሲለያዩ የሚሉት አንድ ነው።

«ሐሙስ?»

«ፈረሱ።»

በቃ። «ጋ» እንኳ አይጨምሩበትም ነበር። «እንገናኝ»ም አይሉም። ያችን ቃል ሲሰማ አባቴ የሳምንቱ ሥራ የተጠናቀቀለት ሰው ይመስል ቤቱ ይገባል።

በኋላ በግድግዳዎቹ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀባ። ተርታው ለመንገድ ሊነሳ ነው ተባለ። የእኛ ቤት ወደ ኋላ ስለሆነች አልተነካችም። በዚያ ሰሞን አንድ ሐሙስ አባቴ መነጽሩን ረስቶ ስለሄደ ይዤለት ሄድኩ። ምልክቱን እያዩ እያወሩ ነበር። ሐጂ ረጋ ብለው፣ «ያረጀ ቤት ይወድቃል፣ አዲስ ይሠራል። የአላህ ሥራ ነው። መንገዱም ይስፋ እስቲ፣ ለልጆች ነው» አሉ።

አባቴ ጠረጴዛውን መታ። «አንተ ምን አለብህ! ሐሙስ መጥተህ ሐሙስ ትሄዳለህ። እንግዳ ነህ፤ አይገባህም!»

ባለ ሻይ ቤቷ ቦምቦሊኖውን ከዘይት ሳታወጣ ቆመች። ከሸዋ የመጣ ሰው የአጋሮን ሰው ጅማ ላይ እንግዳ ነህ ሲለው፣ ሌላ ሰው ብሎት ቢሆን ኖሮ ያስቀኝ ነበር። ሐጂ ግን አልሳቁም። አልተቆጡምም። ሻያቸውን ጨረሱ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ «ነጋ ነው፣ ጸሐፊ፣ ሰላም ነው» ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ተሰናብተው ተነሱ። የዚያን ቀን «ሐሙስ?» ያለ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ አባቴ ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ሄደ። ሞራው ተነስቶለት እስኪድን እዚያው ከረመ። ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ተርታውን ነው፤ ሰው ለቅቆ ቤቶቹ ገና ቆመው ነበር። ሁለተኛ የጠየቀኝ ስለ ሐጂ ነው። ሐጂ ስልክ አይዙም፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የልጅ ልጃቸው ቁጥር ተሰጥቶን ነበር። «መልእክት ጻፊልኝ» አለኝ። ምን ልበል ስለው ትንሽ አሰበና፣ «ሐሙስ ፈረሱ፣ በይው። ይገባዋል» አለ። እንደነገረኝ ጽፌ ላክሁ። ሌላ ቃል ልጨምር ስል፣ «ተይ፤ የቀረውን በአፌ ነው የምነግረው» አለ።

የቀረው ይቅርታ ነበር። አዲስ አበባ ዓይኑ ታስሮ ተኝቶ ያሰበው እሱን ብቻ እንደሆነ ወንድሜ ነግሮኛል። ለእኔ ግን የነገረኝ በራሱ አፍ፣ የረቡዕ ማታ ሸሚዙን ስተኩስለት ነው። «እንግዳ አልኩት እኮ» አለኝ። ኮሌታውን ደግሜ ተኮስኩት።

በማግስቱ ሲነሳ ቤቶቹ የሉም። የረቡዕ ዕለት ማሽን ገብቶ ነበር፤ እኛም ድምፁን ሰምተናል፤ ያን ያህል ይፈጥናል ብለን ግን አላሰብንም። አባቴ ጃንጥላውን ይዞ ወጣ፣ የፍርስራሹን ክምር ዞረና ሻይ ቤቷ የነበረችበት ቦታ ላይ ቆመ። እኩለ ቀን ሆነ። ሐጂ አልመጡም። «መንገድ ይዞት ይሆናል» አለ። በሚቀጥለው ሐሙስም አልመጡም። «ቡናው ላይ በሽታ ገብቶ ይሆናል» አለ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መስጠት ተወ።

ክረምቱን በሙሉ እንደዚያ ሆነ። ፍርስራሹ ተጠርጎ ሄደ፣ ጠጠር ተደፋ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ። አባቴ በቆርቆሮው ክፍተት እየገባ ቦታው ላይ ይቆማል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ «አባባ፣ ዘወር ይበሉ፣ ድንጋይ ይመታዎታል» ይሉት ነበር። «ሰው እየጠበቅሁ ነው» ሲላቸው ተዉት፤ ኋላ የሚቀመጥበት ብሎኬት አዞሩለት። ባለ ሻይ ቤቷ ሰቶ ሰመሮ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ ሄዳ ነበር። አንድ ሐሙስ ፔርሙስ ይዛ መጣች። ሁለት ብርጭቆ ነው ያመጣችው። አንዱን ለአባቴ ቀዳችለት፤ ሁለተኛውን ደፍታ አጠገቡ አስቀመጠች። ከዚያ አብራው ቆማ ዝናቡን ስታይ ቆየች።

«አጋሮ ልሂድና ልይልህ» አልኩት ስንት ጊዜ። አይሆንም። «ልደውል?» አይሆንም። «ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም። በሰውም አይላክም። ቅር ያለው እሱ ነው፤ ሲበርድለት ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ካጣኝ ምን ይለኛል?» ተናደድኩበት። አንዳንዴ ግትርነት ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ይኸው ነው አባቴ እላለሁ። ተደብቄ አንድ ቀን ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር።

መስቀል አልፎ ሰማዩ ጠራ። አባቴ ከሳ። እህል ሳቀርብለት ማንኪያውን ይዞ መንገዱን ያያል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ደብር ሄዶ ሳለ አጋሮ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ልነግረው አልፈለግሁም፤ መልስ ይዤ ብመጣ ቁጣውን እችለዋለሁ ብዬ ነው።

የለቀማ ወቅት ነበር። በየደጁ ቀይ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ የተፈለፈለው ገለባ ሽታ ሚኒባሱ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። አጋሮ ደርሼ የሐጂን ቤት ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ፣ «የቡና መጋዘኑ ጋ ወርደሽ» አሉኝ። ሄድኩ፤ መጋዘን የለም፣ ባለ መስታወት ሕንፃ ነው። ተመልሼ ብጠይቃቸው፣ «አዎ፣ እሱ ጋ» አሉኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ልቤ እስኪፈርስ እስቅ ነበር።

የግቢው በር ክፍት ነበር። የሐጂ ባለቤት ቡና ከሚያስጡበት ቀና ብለው አዩኝ። የጸሐፊው ልጅ ነኝ ስላቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ኮቱ፣ ልጄ፣ ነዪ፣ ግቢ! እናንተ የት ገባችሁ? አባትሽ አሉ? በሕይወት አሉ?»

አሉ አልኳቸው። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም ገባኝ። ሐጂ ከሞቱ አርባቸው አልፏል።

ልባቸው ነው አሉኝ። ክረምቱ ሲገባ ጀምሮ ይደክማቸው ነበር። ሲሞቱ አንድ ልጃቸው፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብሎ፣ ሊያረዳን ጅማ መጥቶ ነበር፤ ቀኑ ሐሙስ አልነበረም። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ልብስ ሰፊው የለም፣ ሻይ ቤቷ የለችም፤ «ጸሐፊው የት ሄዱ?» ቢል የሚነግረው አጣ። አዲስ የመጡ ሰዎች፣ እዚህ የነበሩት ሁሉ ተነስተዋል አሉት። ተመለሰ።

«እኛ እኮ ከዚያ ጀርባ ነው የምንኖረው። አልተነሳንም» አልኳቸው።

ሴትዮዋ እንባቸውን ጠረጉ። «ፈርሷል ብላችሁ የላካችሁ እናንተ አይደላችሁ?»

የልጅ ልጃቸው ከኮሌጅ ለዕረፍት መጥታ እዚያው ነበረች። አልተረዳኋቸውም ስል ስልኳን አወጣች፤ መልእክቱን አልደመሰሰችውም። ያን ቀን ለአያቷ እንዳነበበችላቸው አድርጋ አነበበችልኝ። «ሐሙስ ፈረሱ።» «ረ»ን አጥብቃ። ባለፈው ሐሙስ ቤቶቹ ፈረሱ ማለት ነው። ሄርማታ ውስጥ ቤት እየፈረሰ መሆኑን አጋሮም ይወራ ስለነበር ሌላ ነገር ሊመጣላት አይችልም ነበር። እኔ ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩት፤ አላልቼ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ክፍል ገብቼ «ገና»ንና «ዋና»ን እያጠበቅሁና እያላላሁ ልጆች የማስቅ መምህር ነኝ። ፊደላችን ማጥበቂያ የለውም፤ አንባቢው ከአገባቡ ያውቀዋል ብዬ አስተምራለሁ። አገባቡን ሳየው ልጅቷ ትክክል ነች። እኔም ትክክል ነኝ። ጥፋቱን የምጭንበት ሰው ባገኝ ኖሮ ያን ቀን በወደድኩ።

«ደውዪ አላሉሽም?» አልኳት።

«ከለከሉኝ። ‹ቤቱ የፈረሰበትን ሰው የት ነህ ብለሽ አታሳፍሪው፤ ማረፊያ ሲያገኝ ራሱ ይልክብኛል› አሉ።»

«ተቀይመውት አልነበረም?»

«በምን?» አለች። ስለዚያ ቀን ለማንም አልተናገሩም ነበር።

ባለቤታቸው እጄን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። አንድ ክፍል ቤት ቆሟል። ግድግዳው ተመርጎ ደርቋል፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ በርና መስኮት ገና አልገባለትም። «የጸሐፊ ነው» አሉኝ። «ሜዳ ላይ ወድቆ እያለ እንዴት ተኝቼ አድራለሁ አሉ። እየደከማቸው፣ ተዉ ስንላቸው፣ ጭቃ ሲረገጥ ቆመው ያሠሩ ነበር። ሲያልቅ ልጄን ልኬ አስፈልጌ አመጣዋለሁ፤ ባዶ እጄን አልጠራውም አሉ። ከፊቱ በረንዳ አውጡለት፣ ያለ በረንዳ አይሆንለትም አሉ። ምሰሶውን ተክለው ነው የተኙት።»

ወደ ጅማ ስመለስ ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ሳሰላስል መንገዱ አለቀብኝ። ቤት ስገባ ከፊቴ አወቀው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ተቀይሞኝ ነው የሞተው?» አይደለም አልኩት። የመልእክቱን ነገር፣ የልጅቷን፣ የሐጂን ንግግር ሁሉ ነገርኩት። የክፍሉን ግን መናገር አቃተኝ።

በማግስቱ ለቅሶ ደረስን። አባቴ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ነበር። የሐጂ ባለቤት ሲያዩት ተነስተው አቀፉት፤ ከወንድ ጋር እንደዚያ ሲሆኑ ልጆቻቸው አይተዋቸው አያውቁም። ተቀመጠ። ውሃ ቀረበለት፣ አልጠጣም። ሐጂ ስንት ጊዜ እንደታመሙ፣ ማን እንዳጠባቸው፣ የት እንደተቀበሩ ጠየቀ። ከዚያ ልጆቹ ወደ ጀርባ ወሰዱት። አንዱ በአጭሩ ነገረው፤ ይህ ለእርስዎ ነበር አለው።

አባቴ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለኝም። ቀስ ብሎ በሌለው በር ገባ። ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ የመስኮቱ ቀዳዳ ጋ ቆሞ ቡናውን አየ። ሲወጣ ልደግፈው ስል በእጁ ከለከለኝ። የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ። ገና ልጡ ያልተላጠ የባሕር ዛፍ እንጨት ነበር።

«እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» አለ። ለማን እንደሚናገር አላወቅንም።

«ቤቴም አልፈረሰም» አለ። «ሐሙስ ሐሙስ እዚያው ነበርኩ።»